ዋጋ ያጣችው እንቁራሪትና ዋጋ የገደለው ዓሣ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀምሮ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በሰሚት መስመር በተደረደሩት ምግብ ቤቶች የጾም ሰሞን «ዓሣ ጉላሽ»፣ «ዓሣ ኮተሌት»፣ «ዓሣ ዱለት» የሚሉት ስሞች በምግብ ዝርዝሩ ላይ ወደ ላይ ከፍ ይላሉ። ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ እንደወጣና ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር ግን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ ከጫሞ የመጣ ናይል ፐርች ይሁን ከጣና የተጠመደ ነጭ ዓሣ፣ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ሁሉም «ዓሣ» ነው። ተመጋቢው አይጠይቅም፤ ባለቤቱም አይናገርም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ለሊቃውንቱ የሚተው ሲሆን፣ ገበያውን የሚመለከተው ጾም በገባ ቁጥር ፍላጎቱ መናሩ ብቻ ነው።

በንግዱ ዓለም «ገበያ ዋጋ የሰጠው ነገር ጠባቂ አያጣም» የሚል እምነት አለ። ነጻ ገበያ የሚለው ቃል በአገራችን ከገባ ወዲህ ይህ እምነት እንደ ጸሎት ሲደጋገም ኖሯል። ለሱቅ፣ ለቤትና ለመኪና ይሠራል። ለዱር ፍጥረት ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አንዳንዴ ከውሸት ይከፋል። ዋጋ ስለሌለው የሚጠፋ ፍጥረት አለ። ዋጋ ስላለው የሚጠፋም አለ። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ለማከም የሚነሳ ሰው ቢያንስ አንዱን መግደሉ አይቀርም።

እንቁራሪትና ሻርክን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዓለም ገበያ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። በኮሎምቢያ የፓስፊክ ዳርቻ የምትኖረው ወርቃማ መርዛማ እንቁራሪት ርዝመቷ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብትሆንም በቆዳዋ ላይ ያለው መርዝ ብዙ ሰው ለመግደል የሚበቃ ነው። የአካባቢው አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ በቆዳዋ ላይ እያሹ ያድኑበት ነበር። ዛሬ ደኗ እየተመነጠረ፣ እርሷም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተራ ተመድባለች። በሌላ በኩል መዶሻ ራስ የሚባለው ሻርክ አለ፤ ከእኛ ድንበር ብዙም በማይርቀው በቀይ ባሕር፣ በሱዳን የሳንጋኔብ ኮራል ደሴት ዙሪያ በመንጋ ሲዋኝ የሚታየው ነው። የእርሱ ክንፍ በሆንግ ኮንግ የሾርባ ገበያ ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት አንዱ በመሆኑ በብዙ ባሕሮች ተሟጥጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ብሎ መዝግቦታል። እንቁራሪቷ በዋናነት በመሬቷ ምክንያት፣ ሻርኩ በክንፉ ምክንያት እየጠፉ ነው ማለት ነው። አንዷን የሚያጠፋት የሌላ ሸቀጥ ዋጋ ነው፤ ሌላውን የራሱ።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ስለዚህ ሻርክም የላትም። የዚህ ጥንድ አምሳያ ግን በሁለት ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ይገኛል፤ እንቁራሪቷ በባሌ ተራሮች፣ ዓሣው በጣና ሐይቅ። ሁለቱም በምድር ላይ ሌላ አገር የላቸውም።

በባሌዋ እንጀምር። ኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች ያሏት አገር ስትሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ከእነዚህም ውስጥ በሳይንስ ስሟ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የምትባለው እ.ኤ.አ. በ1989 ለሳይንስ የተገለጸች ሲሆን፣ በወገኗ ውስጥ ብቸኛዋ ናት፤ እህት የላትም። መኖሪያዋ በሐረና ደን የላይኛው ጫፍ፣ ካቻ በሚባለው አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ያለቻትም መሬት እጅግ ጠባብ ናት፤ አንድ የቦሌ ሪል እስቴት አልሚ በካርታ ላይ ቢያያት «ይቺ ለአንድ ፕሮጀክት ትበቃለች» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሪክስ በተባለው የጥበቃ ሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የባሌ እንቁራሪቶች ቁጥር መመናመኑን ገልጾ፣ ከእነርሱ መካከል የኦስጉድ ጉርጥ የምትባለው ከ2003 ወዲህ አለመገኘቷን መዝግቧል።

ይህችን እንቁራሪት የሚገዛት የለም። የሚያጠምዳትም የለም። በመንደሩ ያለ እረኛ ስሟን እንኳን ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅስ ምን ያደርግላታል? የሚያጠፋት ከብት የሚረግጠው ሣር፣ ለማገዶ የሚቆረጠው አስታ፣ ለመንደር የሚጠረገው ቦታ ነው። ለእረኛው የግጦሹ ዋጋ ዜሮ ነው፤ ላሟ ግን ገበያ ወጥታ ገንዘብ ታመጣለች። በአንድ በኩል ዋጋ ያላት ላም፣ በሌላ በኩል ዋጋ የሌላት እንቁራሪት ቆመው ውሳኔው ለአንድ ድሃ ቤተሰብ ሲተው ውጤቱን ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። እረኛውን መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ በእርሱ ቦታ ያለ የቦሌ ነጋዴም ያንኑ ያደርግ ነበርና።

እንዲያውም የቦሌ ሰው ያንኑ አድርጓል። ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ሕንጻ ከመሆናቸው በፊት እርሻና ሜዳ ነበሩ፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛባቸው ጎድጓዳ ቦታዎችም ነበሯቸው። መሬቱ በሊዝ ሲወጣ ለመንገድ ያለው ቅርበት፣ የቦታው ስፋትና የሚፈቀደው የወለል ብዛት ሁሉ በዋጋው ውስጥ ገብቷል። ውሃ ተኝቶበት የነበረው ጎድጓዳ ቦታ ግን በየትኛውም የጨረታ ሰነድ ላይ እንደ ጥቅም አልተቆጠረም፤ ተቆጥሮ ከነበረም መሞላት እንዳለበት ወጪ ነው።

አንዳንዶች «ቡናው ደኑን ያድነዋል» ይላሉ። የሐረና የዱር ቡና በእርግጥም ስም ያለው ቡና ነው፤ በውጭ ገበያም ይታወቃል። ቡናው ጥላ ይፈልጋልና ከቡና ገቢ የሚያገኝ ገበሬ ዛፉን የሚያቆይበት ምክንያት አለው። ነገር ግን ቡናው የሚበቅለው በደኑ የታችኛው ወለል፣ ከ1,800 ሜትር በታች ባለው ክፍል ነው። እንቁራሪቷ የምትኖረው ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው። ደኑን እንደ ባለብዙ ፎቅ ሕንጻ ብናየው፣ ቡና የምድር ቤቱን ኪራይ ይከፍላል፤ እንቁራሪቷ ያለችው ማንም ኪራይ በማይከፍልበት በመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። የምድር ቤቱ ኪራይ የጣሪያውን ማፍሰስ አያስቆምም።

አሁን ወደ ጣና እንውረድ። እዚህ ነገሩ ጠለቅ ያለና ለገበያ ሰው ይበልጥ የሚቀርብ ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ግን ጥልቀቱ ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ ወደ ገደል ይወድቃል፤ ከታች ያለ ዓሣ ያንን ፏፏቴ ወጥቶ ጣና ሊገባ አይችልም። በዚህ ታጥሮ በቀረ ውሃ ውስጥ በአካባቢው «ነጭ ዓሣ» እየተባሉ የሚጠሩት፣ በሳይንስ ላቤኦባርቡስ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ወደ 15 የተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፍለዋል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ለይተው እስኪመዘግቧቸው ድረስ ብዙ ሰው አንድ ዓሣ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የጣና ሻርኮች ቢባሉ ማጋነን አይሆንም።

በደንገል ታንኳ ብቻ በሚጠመድበት ዘመን ሐይቁ ሰፊ፣ አጥማጁ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ የአብያተ ክርስቲያናት እርዳታ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚሠራ ዓሣ ማስገር ተጀመረ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ድሃውን አጥማጅ መርዳት። ጀልባው ታንኳ የማይደርስበት ደረሰ፤ ናይለኑም የጥጥ ገመድ የማይችለውን ቻለ። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ግን የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉን እንዳጣ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት አሳዩ። የትንንሾቹ፣ ማለትም የነገዎቹ ዓሦች መመናመን ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር።

ለምን ነጭ ዓሣው ብቻ? በዚያው ሐይቅ ቆሮሶም አምባዛም ይጠመዱ የለም? መልሱ በዓሣው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር ትራባለች፤ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ቶሎ ታድጋለች። ከነጭ ዓሦቹ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ግን ክረምት ሲገባ በመንጋ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት በንጹህ የወንዝ ውሃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በሌላ ወር ሐይቁን ሲዞር ውሎ የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል። አንድ ኪሎ ዓሣ ለማውጣት የሚጠይቀው ነዳጅና ድካም በዚያን ወቅት ይወርዳል። ርካሽ ወቅት ማለት ነው። የሚወጣው ግን እንቁላል የተሸከመች እናት ናት።

በፎገራ ሜዳ በሚያልፉት ወንዞች ዳር ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይበተን ነበር፤ ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል። ኮሎምቢያዊው አዳኝ መርዙን ከእንቁራሪት ወስዶ ለሌላ እንስሳ ሲያውለው፣ የእኛው ሰው ከዛፍ ወስዶ ለዓሣ አዋለው። ልዩነቱ የኮሎምቢያው ቀስት አንድ እንስሳ ብቻ መግደሉ ነው፤ ብርብራው ግን በገንዳው ውስጥ ያለውን ትልቅም ትንሽም አይለይም።

በዚህ ላይ የጾም አቆጣጠሩ ይጨመራል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ልክ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት ጊዜ። አቅርቦቱ በጣም ርካሽ የሚሆንበትና የከተማው ፍላጎት ከፍ የሚልበት ጊዜ እንዲህ ሲገጣጠም ነጋዴ «ዕድል» ይለዋል። ለዓሣው ግን ከዚህ የከፋ ሰሞን የለም። ትኩሱ ወደ ከተሞች ሲጓዝ፣ የተረፈው ተሰንጥቆ በደረቁ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄድበት ንግድም ነበር። ስለዚህ ገበያ አልጠፋም። ዋጋም አልጠፋም። የጠፋው ባለቤት ነው።

ይህን ነገር ሁለት ካናዳውያን ከብዙ ዓመት በፊት በሒሳብ አስቀምጠውታል። ስኮት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ባለቤት የሌለው የዓሣ ሀብት ላይ ትርፍ እስካለ ድረስ አዲስ ጀልባ መግባቱን እንደማያቆም፣ በመጨረሻም ትርፉ እንደሚያልቅ፣ ዓሣውም እንደሚመናመን አሳየ። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚለው ሐሳብ ነው ነገሩ። ኮሊን ክላርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር አመጣ፤ ባለቤት ቢኖረውም እንኳን ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ ከጥፋት ላይድን ይችላል አለ።

ለስሌት ያህል ቁጥር እንውሰድ። አንድ ሰው በሐይቅ ውስጥ የመቶ ሺህ ብር ዓሣ አለው እንበል። ዓሣው እንደ ቆሮሶ በዓመት 40 በመቶ የሚጨምር ከሆነ አርባ ሺህውን እያወጣ መቶ ሺህውን ማቆየት ያዋጣዋል። ዓሣው በዓመት 8 በመቶ ብቻ የሚጨምር ከሆነስ? ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ ያዋለው የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ነበር። ገንዘብ በዚህ ደረጃ በሚወደድበት አገር 8 በመቶ የሚያድግ ዓሣ ይዞ መቀመጥ ኪሳራ ነው፤ ዛሬውኑ ሁሉንም አጥምዶ ሸጦ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማሠራት ይሻላል። የመዶሻ ራስ ሻርክ ዕጣ ይኸው ነው። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ከአሥር ዓመት በላይ ኖራ ነው፤ ከዚያም አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች። በወለድ ከሚሮጥ ገንዘብ ጋር ልትወዳደር አትችልም።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ «የዋጋ ግሽበቱስ?» ሊል ይችላል፤ ልክ ነው። ብር ሲረክስ የዓሣም ዋጋ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ መወዳደር ያለበት የወለዱ ቁጥር ሳይሆን ከግሽበቱ በኋላ የሚተርፈው ነው። በኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት ግሽበቱ ከባንክ ወለድ በላይ የሮጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ብሩን ወደ ብረት፣ ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ቤት የሚቀይረው፣ በቦሌና በአያት ባዶ ቦታ አጥሮ ዓመታት የሚጠብቀው ለዚህ ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድን በጣና ውስጥ የሚዋኝ ነጭ ዓሣ እንደታጠረ ቦታ ያለ ንብረት ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ዋጋው ግን አብሮ ይጨምራል። ባለቤት ቢኖረው ኖሮ ባለቤቱ እንደ ቦሌ መሬት ይዞት ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለአጥማጁም ለነጋዴውም ከተለመደው ስድብ የተለየ ነው። የጣና ዓሣ የሚያልቀው ሰው ስለሰገበገበ አይደለም። ነገን ለመጠበቅ የሚያስችል ሰነድ በማንም እጅ ስለሌለ ነው። የቦሌው ባለቦታ ካርታ አለው። የጉማራው አጥማጅ ዛሬ ያለፋትን ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት እርሱ እንደሚያገኛት የሚያረጋግጥለት ነገር የለውም።

የዚህ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፊሊፒንስ መመልከት ይበቃል። ላናኦ በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ከጣናዎቹ ጋር የሚዛመዱ፣ እንደ እነርሱ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብቻ የተከፋፈሉ ዓሦች ነበሩ። ከልክ ባለፈ ማጥመድ፣ በፈንጂ በማጥመድና ከውጭ በገቡ ወራሪ ዓሦች ተመናምነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከ17ቱ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸው በይፋ ተመዘገበ። ጣና ውስጥም የዓሣው ጠላት መረብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ሐይቁን ይዟል፤ በርብ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ከወንዞቹ አሸዋ ይወጣል፤ ለመስኖ ውሃ ይጠለፋል። እንቁላል ለመጣል የምትወጣ ዓሣ ሁሉንም ማለፍ አለባት።

የጣናው ዓሣ እንደ ሻርክ ነው፣ የባሌዋ እንቁራሪት ደግሞ እንደ ኮሎምቢያዋ ነች ብለን ነበር። በዚህ በሁለተኛው ንጽጽር ላይ ግን አንድ ማረሚያ ያስፈልጋል። የኮሎምቢያ መርዛማ እንቁራሪቶች ቀለማቸው የሚያምር በመሆኑ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቦጎታ ኤል ዶራዶ አውሮፕላን ማረፊያ 130 መርዛማ እንቁራሪቶችን በፎቶግራፍ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ከትታ ልታልፍ የነበረች መንገደኛ ተይዛለች፤ የአንዷ ዋጋ እስከ አንድ ሺህ ዶላር እንደሚደርስ ባለሥልጣናቱ ተናግረዋል። ዋጋ ለእንቁራሪቷም ጠላት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን እንቁራሪት ከሻርክ የምትለይበት ነገር አለ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትራባለች። በዚያው በኮሎምቢያ ቴሶሮስ ደ ኮሎምቢያ የተባለ ድርጅት በሕጋዊ ፈቃድ እያራባ ወደ ውጭ በመሸጥ የኮንትሮባንዱን ገበያ በዋጋ ለመምታት ሞክሯል። የሚገርመው በሣጥን ያደገች እንቁራሪት መርዝ የላትም። መርዙ የሚመጣው በጫካ ከምትበላቸው ነፍሳት ነውና።

የባሌዋ እንቁራሪት ይህ ዕድልም ይህ አደጋም የላትም። ለሰብሳቢ የሚማርክ ቀለም የላትምና የሚሰርቃት የለም፤ የሚያራባትም የለም። ለእርሷ የሚሆነው መንገድ የእንስሳዋን ሳይሆን የመሬቷን ዋጋ ማግኘት ነው። ፍንጩ አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በባሌ አካባቢ ደኖች በኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት፣ በፋርም አፍሪካና በኤስ ኦ ኤስ ሳህል ተሳትፎ በተካሄደው የካርቦን ፕሮጀክት ደን ባለመቆረጡ ብቻ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ተሞክሯል። ይህ ዓይነት ክፍያ ለላይኛው ፎቅ፣ ለአስታው ጫፍ እንዲደርስ ካልተደረገ ግን እንደ ቡናው ሁሉ ከታች ይቀራል። የካርቦን ገዢ የሚቆጥረው የእንጨት ክብደት ነው፤ አስታ ቁጥቋጦ ደግሞ ክብደቱ ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ገበያው ብቻውን አይበቃም፤ አጥር፣ ጠባቂና የመንግሥት በጀት ያስፈልጋል። ይህን በገበያ ገጽ ላይ መጻፍ ደስ ባይልም እውነቱ ይኸው ነው።

የቦሌ ነጋዴ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ? አንደኛው ቦታው ካርጎ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አፍሪካን ከእስያ የሚያገናኝ ዋና መተላለፊያ ነው፤ በዚህም የተነሳ የዱር እንስሳት ውጤት ኮንትሮባንድ የሚሞክረው በር ሆኗል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 በዓመታት ውስጥ የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥላለች። አገሪቱ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት፣ ሳይቲስ የሚባለው፣ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። መዶሻ ራስ ሻርክ በስምምነቱ ሠንጠረዥ የገባው በ2013 ሲሆን፣ በ2022 ፓናማ ላይ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ለክንፍ ንግድ ከሚውሉት ሻርኮች አብዛኞቹን አስገብቷል። ስለዚህ «የደረቀ የባሕር ምግብ» የሚል ሰነድ የያዘ ጭነት በእጁ የሚያልፍ ትራንዚተር ዝርያውን መጠየቅ አለበት። ባሕር የሌለን መሆናችን ከሻርክ ንግድ ነጻ አያደርገንም።

ሁለተኛውና ትልቁ ቦታው ኩሽናው ነው። ነጭ ዓሣን ከገበያ ጨርሶ ማገድ አያስፈልግም፤ ሐይቁ ዳር የሚኖረውን ሰው ያስርባል። የሚያስፈልገው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ መተው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ሕግ ግን በየወንዙ አፍ ላይ ጠባቂ ማቆም አይችልም፤ በአዲስ አበባ ያሉትን ጅምላ ተረካቢዎች ማነጋገር ግን ይችላል። አጥማጁ ብዙ ሺህ ነው፤ የቀዘቀዘ ዓሣ በብዛት ተረክቦ ለሆቴልና ለምግብ ቤት የሚያከፋፍለው ጥቂት ነው። ቁጥጥር በጠባቡ አንገት ላይ ነው የሚያዋጣው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የዓሣው ስምና ሐይቁ ይጻፍ፤ በፍልሰታ ቆሮሶና አምባዛ ይቅረብ። ለምግብ ቤቱ የሚያስወጣው ወጪ የአንድ ገጽ ማተሚያ ነው።

ለአጥማጁ ግን የሦስት ወር ገቢ ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ብሎ «ተው» ማለት ግፍ ይሆናል። የእህልና የቡና ነጋዴ ለገበሬ ቅድሚያ እየከፈለ ምርቱ ሲደርስ መረከብን ያውቅበታል። የዓሣ ተረካቢውም በሰኔ ለማኅበራት ቅድሚያ ከፍሎ ዓሣውን ከጥቅምት በኋላ ሊረከብ ይችላል፤ ውሉ በክረምት በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ማኅበር ቅድሚያውን እንዲመልስ የሚያስገድድ ሆኖ። ተረካቢው የአራት ወር ወለድ ያወጣል። በ15 በመቶ ሒሳብ በመቶ ሺህ ብር ላይ አምስት ሺህ ብር ነው። ይህች ወጪ በእያንዳንዱ ጉላሽ ሳህን ላይ ስትበተን ለመቆጠር የማትበቃ ናት። እስካሁን ያልተሞከረው የሚከፍላት ጠፍቶ ሳይሆን፣ አንዱ ተረካቢ ብቻውን ቢከፍል ያልከፈለው በርካሽ ስለሚያሸንፈው ነው። ስለዚህ ተረካቢዎቹ ወይ ሁሉም በአንድ ላይ ይገባሉ፣ ወይ ማንም አይገባም፤ እንዲህ ዓይነቱን ስምምነት ጠርቶ ለማስፈረም ደግሞ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤና አንድ የስብሰባ አዳራሽ ይበቃል። አዳራሹ ቦሌ አካባቢ ሞልቷል።